መልስ፦ የሥራ ፈቃዱ ያለፈበት ወንድምሽ ድንበር ሄዶ ማሳደስ ይችላል ወይ?

ሰላም የሸዋ ሮቢቷ እህቴ። ወንድምሽ ካናዳ የሥራ ፈቃዱ ካለፈበት ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል፣ አሜሪካ ድንበር ደርሶ ቢመለስ እዚያው ያድሱለታል ተባለ፣ እውነት ነው ወይ ነው ያልሽው።

ድሮ ይሠሩት ነበር። ከታኅሣሥ 2024 በፈረንጆቹ ወዲህ ግን ደርሶ ለሚመለስ ሰው ድንበር ላይ የሥራ ፈቃድ መስጠት ቀርቷል፤ ለአሜሪካ ዜጎችና ለጥቂት ሌሎች ብቻ ነው የቀረው። ስታተሱ (ካናዳ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የመቆየት ፈቃዱ) ለወደቀ ሰው ደግሞ ያኔም አያዋጣም ነበር። ስለዚህ የድንበሩን ነገር ይተወው።

ያለው መንገድ ስታተሱን ካጣበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ እዚያው ካናዳ ሆኖ በኦንላይን «ስታተሴ ይመለስልኝ» ብሎ ከአዲስ የሥራ ፈቃድ ጋር ማመልከት ነው። «ሁለት ወር ገደማ» አይበልሽ፣ ቀኑን ይቁጠር! እኛ ደብረ ብርሃን ጋቢ ተከናንበን የአጎቴን ልጅ ወረቀት ስንቆጥር ሦስት ወር ስንል በኛ 90 ቀን ነው፤ በፈረንጅ ግን ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን 62 ቀን ናቸው። የአጎቴ ልጅ ለጥቂት ነበር የተረፈው።

መልስ እስኪመጣ መሥራት አይችልም፣ በእጅ በእጅ የሚከፈልም ቢሆን። ሳያልፍበት አመልክቶ ቢሆን ኖሮ እየሠራ ይጠብቅ ነበር፣ አሁን ግን አልፏል።

ፓስፖርቱንም ይየው፤ ፈቃዱን ፓስፖርቱ ከሚያበቃበት ቀን አሳልፈው አይሰጡትም። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያይለት ጥሩ ነው፣ «ድንበር አደርስሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚለውን ሰው ግን ስልኩን ይዝጋበት።