ዲፔንደንሲ አፕዴት ማድረግ ሲቪ ላይ ይጻፋል ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፣ ተመርቀሽ የመጀመሪያ ስራሽን ይዘሻል፣ አብረውሽ የተቀጠሩት አዲስ ፊቸር ሲሰሩ አንቺን የፕሮጀክቱን የውጪ ላይብረሪዎች (ሌላ ሰው ጽፏቸው ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ኮዶች፣ ዲፔንደንሲ የሚባሉትን) አፕዴት ማድረግ ላይ መደቡሽ፣ «ማንም የማይፈልገው የጽዳት ስራ ነው፣ ኢንተርቪው ላይ ምን ብዬ አወራዋለሁ፣ ልልቀቅ ወይ» ነው የምትይው።

ለዚህ ብለሽማ አትልቀቂ። ማንም አይፈልገውም ያልሽው ልክ ነው፣ ግን ለአንቺ የሚጠቅምሽም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጁኒየር ሆኖ ፕሮጀክቱ ከስር ምን ላይ እንደቆመ የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሎክ ፋይሉን (ፕሮጀክቱ የሚጠቀመው ላይብረሪ ሁሉ ከነቨርዥኑ የተዘረዘረበትን) ከፍተሽ አይተሽዋል አይደል? ቡድኑ መርጦ ያስገባው ጥቂት ስም ነው፣ እያንዳንዱ ግን የራሱን ጓዝ ጎትቶ ስለሚመጣ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። በፈረንጆቹ 2021 ዲሴምበር ላይ ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ የሴኪዩሪቲ ክፍተት ተገኘ ሲባል (የክብደት ነጥቡ ከ10 ላይ 10 ነበር) ብዙ ቡድን ላይብረሪው እሱ ጋ የት የት እንዳለ ፍለጋ ነው የተራወጠው፣ በዛ ላይ መጀመሪያ የወጣው ማስተካከያ 2.15.0 ሙሉ ስላልነበር 2.16 እና 2.17 እዛው ወር ውስጥ ተከታትለው መጡ። እንደዛ ባለ ሳምንት ቢሮው ውስጥ የሚፈለገው ሰው ማን ይመስልሻል?

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ «ሁሉንም ወደ ላተስት አደረኩ» ማለት ሙያ አይደለም፣ እሱንማ ዲፔንዳቦትና ሬኖቬት የሚባሉት አፕዴት የሚያቀርቡ ቦቶችም ይሰሩታል። ሙያው የቱ ዛሬውኑ እንደሚገባና የቱ ትንሽ ቢቆይ እንደሚሻል መለየት ነው። የአሜሪካውን የብድር መረጃ ድርጅት ኤክዊፋክስን ውሰጂ፣ አፓቺ ስትረትስ የሚባለው የዌብ ፍሬምወርክ ማስተካከያ 2017 ማርች ላይ ወጥቶ እያለ ሰርቨሩ ላይ ስላልገባ ሰርጎ ገቦቹ ሜይ ላይ ገቡና ወደ 147 ሚሊዮን የሚሆን ሰው መረጃ ወሰዱ። በተቃራኒው ደሞ 2024 ላይ ኤክስዚ የሚባለው መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ባክዶር (ስውር መግቢያ) ተደብቆ ተገኘ፣ ያኔ የተረፈው አሮጌው ቨርዥን ላይ የቆየ ነው፣ እሱም የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር የኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር ውስጥ የሚገባበት) ሎጊን ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ነገሩን ሲከታተል ነው (እንደዚህ አይነት ነገረኛ ሁኚ ነው የምልሽ)። ስለዚህ የታወቀ ክፍተት የሚዘጋ አፕዴት ከሆነ ቶሎ፣ ተራ አዲስ ቨርዥን ከሆነ ግን ጥቂት ቀን ይቆይ፣ የተመረዘ ፓኬጅ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይ በቀናት ውስጥ ስለሚነቃበት ሌላው ይሞክርልሽ። ሁለቱም ቦቶች ላይ ይሄን የሚያዘገይ ሴቲንግ አለ።

ኤንፒኤም ኦዲትን (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችሽ ውስጥ የታወቀ ክፍተት የሚፈልገውን ትእዛዝ) ራን ስታደርጊ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲመጣብሽም አትደንግጪ። መጀመሪያ ይሄ ፓኬጅ ፕሮዳክሽን ላይ (ተጠቃሚው በሚጠቀምበት ሲስተም ላይ) ይገባል ወይስ ዴቨሎፐሩ ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ ችግር ያለበትን ፈንክሽን የኛ ኮድ ይጠራዋል ወይ፣ ከውጪ የሚመጣ ዳታ እዛ ይደርሳል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም እዛው ቲኬቱ ላይ ጻፊው። ሜጀር ቨርዥን (የመጀመሪያው ቁጥር) የሚቀየረውን ከሌላው ጋር አትቀላቅይ፣ ለብቻው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ይግባ የሚል ጥያቄ) አድርጊውና ቼንጅሎጉን (የለውጦቹን ዝርዝር) አንብቢ። ቴስት የሌለው ቦታ ካጋጠመሽ ከአፕዴቱ በፊት ቴስቱን ጻፊ፣ ያኔ እግረ መንገድሽን ኮዱን ታውቂዋለሽ። የማያስፈልግ ላይብረሪ ካገኘሽ ደሞ ነቅለሽ ጣይው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ከሁሉም በላይ የምወደው አፕዴት እሱ ነው። 2016 ላይ ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ስትነሳ ስንት ፕሮጀክት ቢልድ ማድረግ አቅቶት ነበር እኮ።

ሲቪው ላይ «ዲፔንደንሲ አፕዴት አደርጋለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ማንም አያነበውም። ስትረከቢ ስንት ክፍት የሴኪዩሪቲ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ አሁን ስንት ቀረ፣ አንድ ከባድ ክፍተት ከታወቀበት ፕሮዳክሽን ላይ እስኪዘጋ ድሮ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር አሁንስ፣ እሱን ጻፊ። ቁጥሩን ከዛሬ ጀምረሽ መዝግቢ፣ በኋላ ለማስታወስ ብትሞክሪ አይመጣልሽም። ኢንተርቪው ላይ ደሞ አስበሽበት አፕዴት ያላደረግሽውን አንድ ፓኬጅና ምክንያቱን አውሪላቸው፣ ጠያቂው ሲኒየር ከሆነ ጆሮው የሚቆመው እዛ ጋ ነው። አፕሊኬሽን ሴኪዩሪቲም ሆነ ፕላትፎርም ኢንጂነሪንግ የሚገቡ ሰዎች በዚህ በር የሚገቡ ብዙ ናቸው።

ቅሬታሽ ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፣ አመቱን ሙሉ ይሄን ብቻ ከሰራሽ ኮድ መጻፍ ይረሳሻል። ስለዚህ ተራ ተራውን ለቦትና ለቴስት አስረክቢና የተረፈሽን ሰዓት በቁጥር ይዘሽ አለቃሽ ጋ ግቢ፣ «ይሄን ያህል ሰዓት አተርፌያለሁ፣ በሱ አንድ ፊቸር ልያዝ፣ ይሄኛውን ደሞ በየተራ እንስራው» በይው። እምቢ ካለሽ ተመልሰሽ ጻፊልኝ፣ ልልቀቅ የሚለውን ያኔ እናወራዋለን።