ትራኩን ከቀየርክ ወዲህ ጎማው የሚወላገደው ለምንድን ነው?

ከግሽ ዓባይ ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የስኬትቦርድህ የፊት ትራክ (ጎማዎቹን ከጣውላው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ኢንዲፔንደንት የሚባለው ብራንድ ነበር፤ እሱ ተሰብሮ ተንደር በሚባል ሌላ ብራንድ ተክተኸዋል፤ የኋላው እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የፊት ቀኝ ጎማ ይወላገዳል፣ ዳዶው ቶሎ ቶሎ ይላላል፣ ስትታጠፍም ጎማው ጣውላውን ይነክሳል። «ብራንድ ስለቀላቀልኩ ነው? ሁለቱንም ልቀይር?» ብለሃል።

አትቀይር። እኔ የምጠረጥረው ዳዶውን ነው። የመጀመሪያው ጠፍቶብህ ባጃጅ ጋራዥ ሌላ እንዳሰሩልህ ነግረኸኛል። በፎቶውም የአክሰሉ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ጥርስ ጫፉ ላይ ተልጦ ያብረቀርቃል፤ ዙሪያውን ደግሞ የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። ፌስታል ዳዶ አይዝም! ይህ ሳይቀየር እንዳትነዳ፣ በተለይ የቤዛዊትን ቁልቁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ ትራኮች አክሰል በኢንች ልክ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱ 5/16 ኢንች፣ ማለትም 7.94 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ አለው። እዚህ ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው ደግሞ የ8 ሚሊ ዳዶ ነው። በዓይን ብትመዝናቸው መንታ ናቸው። ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው፦ በአክሰሉ ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.06 ሚሊ ነው፤ በተለመደው የ8 ሚሊ ዳዶ ግን 1.25። ስለዚህ በእጅ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል። ሠራተኛው «ዝጎ ነው» ብሎ በቁልፍ ሲያስገድደው ዳዶው የአክሰሉን ጥርስ እየላጠ ይገባል። የጠበቀ ይመስላል፤ የያዘው ግን የተላጠ ብረት ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል፣ ፌስታሉም የመጣው ያኔ ነው። ትክክለኛው ዳዶ ውስጡ ያለው ናይለን እስኪይዘው ድረስ ያለ ቁልፍ በጣት ይዞራል።

ዳዶውን አውጣና የአክሰሉን ጥርስ በ5/16 ባለ 24 ጥርስ ማውጫ አስተካክለው፤ አንዳንድ የስኬት ቁልፍ ላይ አብሮ አለ። የ8 ሚሊውን ማውጫ እንዳያስገቡብህ። ጥርሱ ጨርሶ ካለቀ አክሰሉን የያዘው ክፍል ይቀየራል እንጂ ብየዳ አይነካውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ዳዶ በርከት አድርጎ ያምጣልህ፤ ናይለኑ ያለቀበትን ደግመህ አትሰር። ከኩሽኔታው ግራና ቀኝ ሮንዴላ አይጉደል። አጥብቀህ ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስ ጥቂት መልሰው።

የጣውላው መነከስ ግን በእርግጥ ከብራንዱ ይመጣል። ኢንዲፔንደንት ከረጃጅሞቹ ነው፣ ተንደር ዝቅ ይላል። ከፊቱ ትራክ ሥር የ1/8 ኢንች ራይዘር (በትራኩና በጣውላው መካከል የሚገባ ንጣፍ) አስገባበት፤ ቡሎኖቹም በዚያው ልክ ይርዘሙ። ርካሹን ለስላሳ የላስቲክ ራይዘር አትግዛ፣ በሳምንቱ ይሟሽሽና ቡሎኑ ይላላል። የድሮውን ትራክ ቡሾች (ስትታጠፍ የሚጨመቁትን ላስቲኮች) ወደ ተንደሩ አዛውረህ ከሆነ አውጣቸው፤ ቁመታቸው ስለሚለያይ ትራኩ መቀመጫው ላይ ተጣሞ ይቆማል። የመሀሉ ትልቅ ዳዶ 9/16 ኢንች ስለሆነ 14 ቁልፍ አይገባለትም፣ 15 ደግሞ ማዕዘኑን ይበላዋል።

ስፋቱ አያሳስብህ። በሁለቱም ብራንድ 149 የሚባለው የትራክ ልክ አክሰሉ 8.5 ኢንች ነው።

ሠርተህ ስትጨርስ ሜዳ ላይ ትንሽ ንዳና ጎማውን በእጅህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ዳዶው ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፤ ቁልቁለት አትውረድበት፣ ሄልሜት ብታደርግም።