ዘንገና በሲሊንደር ስለመጥለቅና ጣና ላይ ዓሣ በጦር ስለማደን ለጠየቅኸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ጅቡቲ ስትሠራ የስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የመጥለቅ) ኮርስ ወስደሃል፣ ባሕር ውስጥም 30 ሜትር ድረስ ወርደሃል። አሁን ለበዓል ወደ እንጅባራ ስትመጣ ሲሊንደርህንና የዓሣ ጦር መወርወሪያህን ይዘህ፣ እዚያው አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ 30 ሜትር ወርደህ ልታይ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ሄደህ ጣና ላይ ዓሣ ልታድን አስበሃል። «ባሕሩን የቻልኩ ሰው ሐይቅ ምን ያደርገኛል?» ነው ያልከው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ጅቡቲ የጠላቂዎች ጀልባ ላይ ሲሊንደር ስሞላና ሰው ስቀበል ብዙ ጊዜ ስለሠራሁ፣ የማውቀውን ልበልህ።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ በጉማሬ ነው ያስፈራሩህ። ጉማሬ ጣና ላይ አለ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በተለይ ተጠንቀቅ፤ እሱ እውነት ነው። ዘንገና ላይ ግን የሚያሰጋህ አውሬ ሳይሆን የአገራችን ከፍታ ነው። ኮርሱን የተማርከው ባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆነ ይህን ብዙም አላነሱልህ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ ብቻውን 1 አትሞስፌር (የጫና መለኪያ ነው) ይጫንሃል፤ ውሃው በየ10 ሜትሩ ሌላ 1 ይጨምራል። ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 4 ይሆናል። በዚያ ጫና የምትተነፍሰው ናይትሮጅን በደምህና በሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ስትወጣ በሳንባህ በኩል ይወጣል፤ ቸኩለህ ከወጣህ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ ሰውነትህ ውስጥ ይፈላል። ጠላቂዎች ቤንድስ የሚሉት ይህን ነው። ከባሕር ስትወጣ ጫናው ከ4 ወደ 1፣ ማለትም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ዘንገና ግን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ እዚያ የአየሩ ጫና ከ0.75 አይበልጥም። 30 ሜትር ወርደህ ስትወጣ ጫናው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርድብሃል። ይህ ባሕር ላይ ከ40 ሜትር እንደመውጣት ነው፤ 40 ሜትር ደግሞ ለመዝናኛ ጠላቂ የመጨረሻው ወሰን ነው። ስለዚህ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደምትችል የሚነግርህ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው የባሕር ሠንጠረዥ ዘንገና ላይ ይዋሽሃል። ይህንኑ የሚያሰላልህ የመጥለቂያ ኮምፒውተርህም ከፍታውን ራሱ የሚያውቅ ካልሆነ ወይም አንተ ካላስተካከልከው እንደዚያው ነው።

ለነገሩ ይህን የጫና ሒሳብ በደንብ ያወጣው ጆን ሃልዴን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ፍየሎችን የግፊት ክፍል (የአየሩ ጫና የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ዝግ ክፍል) ውስጥ እያስገባና እያስወጣ፣ እግራቸው ሲያነክስ እያየ ነበር የሠራው። ሠንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። የእኛ አገር ፍየል ይህን ሁሉ ባትሰማ ይሻላል።

ደግሞ ዘንገና ራሱ ቀላል ሐይቅ አይደለም። ከመንገዱ ዳር ሆነህ ስታየው እንደ ሳህን ክብ ነውና የምትሻገረው ይመስልሃል። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ተለክቷል። ዳርቻው ቶሎ ይዘቀዝቃል። ባሕር ላይ 20 ሜትር ስትወርድ ብዙውን ጊዜ ከሥርህ አሸዋ ወይም ኮራል ይይዝሃል። እዚያ ግን ሚዛንህን ብትስት የሚያቆምህ ነገር የለም። ውሃውም ብርዳም ነው፤ ብርድ ደግሞ ናይትሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

ሌላው ጉዞው ነው። ጀልባ ላይ ሳለን እንግዶቻችንን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር ነበር፤ አንዴ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ሳይሳፈር ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው የሚሳሳው። እንጅባራ ከዚያ በላይ ናት! ስለዚህ ሙሻ ደሴት ጠልቀህ በማግስቱ ጠዋት ቤትህ ለመድረስ አትቸኩል። ከቆላ መጥተህ ደጋ ላይ ልትጠልቅ ስትልም፣ ሰውነትህ አየሩን እስኪለምድ ቢያንስ ግማሽ ቀን አሳልፍ።

አንዴ የተቀበልኩት እንግዳ ከውሃ ሲወጣ ግራ ክርኑን ያሽ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስለው «ሲሊንደሩ ከብዶኝ ነው» አለ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን ያዘ፣ ግን ጣቶቹ ሳይጨብጡት ቀሩና ጭኑ ላይ ደፋው። ወዲያው ኦክስጅን አስያዝነው፣ አስተኛነው፣ ወደ ሐኪምም ተላከ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አልወርድ ማለት፣ እነዚህን ካየህ «ያልፋል» እያልክ አትጠብቅ። ሕክምናው የግፊት ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደገና 18 ሜትር ያህል ጫና ላይ መቆየት ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል።

አሁን ይህ አደጋ ዘንገና ላይ ቢደርስብህ አስበው። ጎጃም ውስጥ የጠላቂ ግፊት ክፍል አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ወደ አዲስ አበባ በመኪና ቢወስዱህ ደጀን ድረስ ደጋ ለደጋ ነህ፣ አባይ በረሃ ስትወርድ ትንሽ ይሻልሃል፣ ከዚያ ጎሐ ጽዮንን ወጥተህ በሱሉልታ ከዘንገና ከፍ ወዳለ ቦታ ትደርሳለህ። በዚያ ዳገት አረፋው ይተልቃል። ባሕር ዳር ላይ ቢደርስብህም የኮሶበር (የእንጅባራ) ዳገት ይጠብቅሃል። በእኔ ግምት ዘንገናን ከውሃው ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ ውረድ ብሎ የሚመክርህ ካለ በዚህ መንገድ ተሳፍሮ አያውቅም።

የዓሣውን ነገር ልምጣ። ሲሊንደር ተሸክሞ በጦር ማደን በብዙ አገር የተከለከለ ነው፤ ጣሊያንና ፈረንሳይ አንድም ሰው አይፈቅዱለትም። ከዓሣው መብት ሌላ ለራስም ነው። አዳኝ ሲያነጣጥር አረፋው ዓሣውን እንዳያባርርበት ትንፋሹን ይይዛል። የተጨመቀ አየር ስበህ ትንፋሽህን ይዘህ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ብትል አየሩ ሰፍቶ ሳንባህን ሊቀድ ይችላል። ከ30 ሜትር በታች ደግሞ የናይትሮጅን ስካር አለ፤ የጥልቀት መለኪያውን ታያለህ፣ ቁጥሩን ታነባለህ፣ ትርጉሙ ግን አይገባህም። ዓሣ እያባረርክ ከሆነ ጭራሽ አታየውም። አየሩም አይበቃህም። 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር (1 ባር 1 አትሞስፌር ያህል ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር ነው። እየታገልክ በደቂቃ 40 ሊትር ብትተነፍስ 40 ሜትር ላይ ጫናው 5 እጅ ስለሆነ 200 ሊትር ይሆናል፤ 12 ደቂቃ፣ ለመውጫ ሳታስቀር።

«እንግዲያው ያለ ሲሊንደር፣ በትንፋሼ» ካልክ፣ ከመጥለቅህ በፊት ደጋግመህ በፍጥነት አትተንፍስ። ይህ ኦክስጅን አይጨምርልህም፤ «ተንፍስ» የሚልህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው የሚያጠፋው። ስትወጣ ጫናው ሲቀንስ ሳንባህ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አብሮ ይሳሳና፣ ውሃው ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀርህ ሳታውቅ ትስታለህ። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቅ፣ ተራ በተራ።

ጣና ላይ ግን ጓደኛህ ሊያይህ አይችልም። ሐይቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ቢሆንም ውሃው ድፍርስ ነው፤ ክንድህን ዘርግተህ ጣትህ ላይታይህ ይችላል። በዚያ ጦር የጎረሰ መወርወሪያ ይዞ መዋኘት ቆሮሶ ዓሣ ነው ብሎ ሰው መውጋት ነው። የዓሣ አስጋሪው መረብ አለ፣ እምቦጩ አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ። አምባዛ ካማረህ በጠዋት ወደ አስጋሪዎቹ ሂድ፣ ከታንኳው እንደወረደ ትገዛለህ።

በመጨረሻ የጠየቅኸው ሲሊንደሩን ጎሚስታ ይሞላልኛል ወይ ነው። አይሞላልህም። የጎማ ኮምፕረሰር ከ10 ባር ብዙም አያልፍም፣ አንተ የምትፈልገው 200 ነው፤ አየሩም ዘይት አለበት። እኛ ጀልባ ላይ እንኳ የኮምፕረሰሩን መሳቢያ ቱቦ ንፋሱ በዞረ ቁጥር ከጄኔሬተሩ ጭስ እናርቀው ነበር፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ 30 ሜትር ላይ ደግሞ ጉልበቱ 4 እጅ ይሆናል። የብየዳ ኦክስጅን ሙላ ያለህ ካለ ጨርሶ አትስማው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች እዚያው ውሃ ውስጥ ያንዘፈዝፍሃል። ሲሊንደሩን ጅቡቲ ተወው፤ ጭነቱም ይቀልልሃል።