ስለ አለርጂ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ አለርጂ መመርመርና ማከም ነው። ዛሬ ጊዜ ስላለኝ ያላችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የምርመራ ወረቀት ከመላካችሁ በፊት ምን እንደበላችሁ ወይም እንደነካችሁ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሆናችሁ ጻፉልኝ። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ደሜን ተመርምሬ ለወተት፣ ለእንቁላል፣ ለስንዴና ለለውዝ አለርጂ አለብህ ተባልኩ። ሁሉንም ስበላ ነው የኖርኩት፤ ምንም ሆኜ አላውቅም። ላቁም እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ምን በወጣህ! ብላ። መጀመሪያ ወረቀቱን እየው፦ የተለካው አይጂኢ (IgE) ነው ወይስ አይጂጂ (IgG)? ሁለቱም ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። አይጂጂ ከሆነ እርሳው። ምግቡን መብላትህን ነው የሚነግርህ፤ እሱን ደግሞ ያለ ምርመራም ታውቀዋለህ። አይጂኢ ከሆነ ሰውነትህ ለምግቡ የአለርጂውን ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል ማለት ነው። በልተኸው ካልታመምክ ግን አለርጂ አለብህ አይባልም። ያለ ምክንያት ምግብ መከልከል ደግሞ ጉዳት አለው። በተለይ ችፌ ያለባቸው ልጆች ሲስማማቸው የነበረውን ምግብ ለረጅም ጊዜ አቋርጠው ሲመለሱበት እውነተኛ አለርጂ ሊነሳባቸው ይችላል። ነገሩ አጠራጣሪ ከሆነ ቁርጡን የሚነግረን ሐኪም ባለበት ምግቡን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ መብላት ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የቆዳ ምርመራ ቀጠሮ አለኝ። ያማል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከማመሙ ይልቅ ማሳከኩ ይብሳል። ክንድሽ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ይጻፋል። ከየቁጥሩ አጠገብ አለርጂ ያመጣል ተብሎ ከሚጠረጠር ነገር አንድ አንድ ጠብታ ይደረጋል። ከዚያ በጠብታው ላይ በቀጭን ሹል ነገር ቆዳሽ ጠቅ ይደረጋል፤ ደም እንኳ አይወጣም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ያኔ አለማከክ ነው ፈተናው! ለማነጻጸሪያ ከሚጨመሩት ጠብታዎች አንዱ ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው፣ የሚያሳብጥና የሚያሳክክ ነገር) ስለሆነ ማበጥ አለበት። አንዱ ደግሞ የጨው ውሃ ስለሆነ ማበጥ የለበትም። ሌሎቹን በእነዚህ እንመዝናለን። እብጠቱ ከጨው ውሃው ቢያንስ በ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ምላሽ አለ እንላለን።

ሂስታሚኑ ካላበጠ የሌሎቹን ውጤት ማመን አይቻልም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአለርጂ ኪኒን ውጦ መምጣት ነው። ስለዚህ እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉትን ከአንድ ሳምንት ገደማ በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ ክሊኒክሽ ስንት ቀን እንደሚል ደውለሽ ጠይቂ። የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶችም ውስጥ አንቲሂስታሚን (ሂስታሚንን የሚያግድ የአለርጂ መድኃኒት) ስለሚኖር ማሸጊያውን አንብቢ። የአስም መድኃኒትሽን ግን እንዳታቋርጪ። ኪኒኑን ማቆም የማይችል ሰው በደም ይመረመራል፤ የደሙን ውጤት ኪኒን አያዛባውም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዓመቱን ሙሉ ሳይነስ ነው እያሉ ያስነጥሳሉ፤ አፍንጫቸው ይደፈናል፣ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። የአፍንጫ ጠብታቸውን ሳይዙ ከቤት አይወጡም።

መልስ፦ ማሳከክ፣ ማስነጠስና እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ካለ እኔ የምጠረጥረው የአፍንጫ አለርጂን ነው። ጠብታው ላይ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የሚል ካያችሁ የችግሩ ግማሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ መድኃኒቱ በለቀቀ ቁጥር አፍንጫው ብሶበት ይደፈናል። ደግመው ይጨምራሉ፤ ደግሞ ይደፈናል። ሐኪማቸውን አማክረው በየቀኑ ወደሚደረግ የስቴሮይድ ስፕሬይ ቢቀይሩት ይሻላል። አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ አንገት ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ በቀኝ እጅ የግራውን አፍንጫ፣ በግራ እጅ የቀኙን፤ ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። በኃይል መሳብ የለም። ጉሮሯቸው ላይ ከቀመሱት ስበውታል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞክሩት ደግሞ አልሠራልኝም እንዳይሉ።

ጥያቄ፦ ከሥሩ የሚያክም ነገርስ የለም?

መልስ፦ አለ። የሚቆጣንን ነገር በጥቂቱ እየሰጡ ሰውነትን ማለማመድ ይቻላል፤ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር። ሌናርድ ኑን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሣር ብናኝ የሠራውን ያሳተመው በ1911 ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ንብ ነድፋው ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ከሞት ነው የተረፈው። ሐኪሙ የአድሬናሊን መርፌ ጻፈለት። እሱ ግን "ልቤን ያቆመዋል፣ የአለርጂ ኪኒኑ ይበቃኛል" ይላል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ኪኒኑ ማሳከኩንና ሽፍታውን ያስታግሳል። እየተዘጋ ያለ ጉሮሮ ግን አይከፍትም፤ የወረደ የደም ግፊትም አያነሳም። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው የሚሞተው አድሬናሊኑ ሲዘገይ ነው። አድሬናሊን ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው ነገር መሆኑን ንገረው። ሲወጋ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ያልፋል።

ድጋሚ ተነድፎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከሻከረ ወይም ራሱን ሊስት ከደረሰ አትከራከሩ። መሃል ጭኑን በውጭ በኩል ውጉት፤ ጭን ላይ ሲጫኑት መርፌው በራሱ የሚወጋ ዓይነት ከሆነ ሱሪ ማስወለቅም አያስፈልግም። አስተኙትና እግሩን ከፍ አድርጉለት። ትንፋሽ ካስቸገረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ብድግ ብሎ እንዳይራመድ፤ ድንገት በመቆም ብቻ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ካልተሻለው ሁለተኛው ይወጋ። ቢሻለውም ሆስፒታል መሄድ የግድ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። መርፌው ኪሱ ወይም ቦርሳው ውስጥ ይሁን፤ ቤት የተቀመጠ መርፌ ሜዳ ላይ አያድንም። ደግሞም ቅድም ያልኩት የማለማመጃ ሕክምና በጣም ከሚሠራባቸው አንዱ የንብ መርዝ ነው። ስለሱ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል። አለርጂ ነው?

መልስ፦ ሌላ ምልክት ከሌለ አይመስለኝም። የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ መፍጨት ሲያቅት እንዲህ ያደርጋል። ይረብሻል እንጂ አይገድልም።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ፔኒሲሊን ስወስድ ሽፍታ ወጥቶብኝ ነበር ይባላል። አሁን ጎልማሳ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ካርዴ ላይ አለርጂ ተብሎ ይጻፋል።

መልስ፦ ይመርመሩና ያስፍቁት። እንደርስዎ ከተጻፈባቸው ሰዎች ከ10 ሩ 9 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሲመረመሩ መድኃኒቱን መውሰድ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። ያኔ ሽፍታውን ያመጣው ራሱ ሕመሙ ሊሆን ይችላል፤ ነበረ ቢባልም አለርጂው ብዙ ጊዜ በዓመታት ይጠፋል። ሳይመረመሩ ግን በራስዎ እንዳይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሦስት ወር ሆነኝ፤ በየቀኑ ሰውነቴ ላይ የሚያብጥና የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣና ይጠፋል። ያልተውኩት ምግብ የለም። ምን ልመርመር?

መልስ፦ ምግቡን መልሺ። ከስድስት ሳምንት በላይ እንዲህ የሚመላለስ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ አለርጂ ጋር አይገናኝም፤ የምግብ ምርመራም አያስፈልገውም። የማያስተኛውን ዓይነት አንቲሂስታሚን ሲያሳክክሽ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ውሰጂ። ካልበቃ ሐኪምሽ እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ከዚያም ያለፉ መድኃኒቶች አሉ። አንዱ እብጠት ያረፈበት ቦታ ሳይለቅ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም የበለዘ ምልክት ከተወ ግን ቶሎ ታዪ፤ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።