ለሚያነክሱ ወጣቶች

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘሁት። የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንዱን እግር ከሌላው እያስከተለ ይወርዳል። እሱ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ስድሳ አራት። ቀድሜው ወረድኩ።

«ምን ሆንክ?» ብለው «ቅልጥሜን ነው ጋሼ። ሩጫ ለእኔ የተፈጠረ አይደለም መሰለኝ» አለኝ።

ጫማውን የገዛው ለእንቁጣጣሽ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሳያጎድል ሲሮጥ አየው ነበር። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ፣ ጓደኞቹ ተመዝግበዋል፣ እሱም ተመዝግቧል። ጥቅምት ሲጋመስ እግሩ እምቢ አለ። ጫማው አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ታናሽ ወንድሙም ዓይኑን ጥሎበታል።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። በጥቅምት ወር በዚህ ከተማ የሚያነክሰው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ግን ሌሎቻችሁም አንብቡት። ክረምቱን ተቀምጠን እንከርማለን፣ መስከረም ሲጠባ እንነሣለን፣ በሁለት ወር ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ እንፈልጋለን። የወጌሻዎች መኸር ጥቅምት ነው።

እኔ አትሌት ሆኜ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሕንፃ ሳሠራ የኖርኩ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አርባ ዓመቴ ነበር። መንገድ ተዘግቶብኝ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ 10,000 ሰው እስኪያልፍ እየተነጫነጭኩ ጠበቅሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ከእኔ የባሰ ቦርጭ ያወጣ አንድ ሰውዬ እየዘፈነ አለፈ። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ከዓይኔ አልጠፋም። በዓመቱ እኔም ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩ ሰሞኑን የማስታወሻ ደብተሮቼን አገላብጬ ቆጠርኩ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያቆምኩት አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ሰባቱ በእግሬ፣ ሁለቱ በሥራ፣ አንዱ በኮሮና፣ አንዱ በሐዘን።

በኃይሌ አገር ቀርፋፋ ሯጭ መሆን ቀላል አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሀል፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ሳንባዬን እየለመንኩ ሶምሶማ ስሮጥ የክለብ ልጃገረዶች በአንድ መስመር ተከታትለው እያወሩ ያልፉኛል። እያወሩ! ወደ ከተማ ስወርድ ደግሞ ታክሲ ተራው ላይ ያሉ ልጆች «በርታ ኃይሌ!» ይላሉ። ይቀልዱብኝ ይሁን ይመርቁኝ ለይቼ አላውቅም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ሴቶች የሚሰሙት ከዚህ የከፋ ነው። በለከፋ ምክንያት ሩጫውን እርግፍ አድርጋ የተወች የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ። ለእሷ የሚሆን ምክር ዛሬም የለኝም፤ ሁለት ጓደኞች አግኝታ ሦስት ሆነው መውጣት ሲጀምሩ ግን ተመልሳለች።

እዚህ አገር ሩጫ ሲነሣ ትዝ የሚለን ሜዳሊያ ነው፣ ሜዳሊያ ሲነሣ ደግሞ እልህ። ስለዚህ እግራችን ሲታመም መጀመሪያ የምንፈልገው መድኃኒት ጥርስ ነክሶ መሮጥ ነው። ብዙዎች ላይስማሙ ይችላሉ፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት አይቼ የደረስኩበት ይህ ነው፦ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለውን ሯጭ ከሜዳ የሚያስቀረው ይኸው እልህ ነው።

ስለ አበበ ቢቂላ ስናወራ ቶኪዮን እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2:12:11 አሸነፈ። እውነት ነው፣ ያኮራል። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ የሆነውን ግን ለልጆቻችን አንነግርም። እግሩን ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። የቶኪዮውም የሜክሲኮውም አበበ ያው አንድ ሰው ነው፣ እልሁም ያው ነው። ልዩነቱን እንደ መሐንዲስ ካያችሁት ግልጽ ነው፦ ትርፍ አንጀት ጭነት አይሸከምም። እግር ይሸከማል፣ ያውም በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችሁ ክብደት በላይ።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል አርማታ፣ ሲሞላ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። አርማታው በሳምንቱ ብትረግጡት ደንዳና ነው፤ ድምፁም ጠጣር ነው። ሆኖም ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ውኃ እየጠጣ፣ ድጋፉ ከሥሩ ሳይነቀል ይቆያል። የቸኮለ ተቋራጭ በአሥረኛው ቀን ድጋፉን ነቅሎ ብሎኬት ሲከምርበት አይቻለሁ። ሶሌታው አልወደቀም፤ ሆዱ ጎብጦ፣ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቶበት ቀረ። የሰው ሰውነትም እንዲሁ በሁለት ፍጥነት ነው የሚጠነክረው። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አራተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሻችሁ ሲከፈት «አሁንስ ደረስኩ» ትላላችሁ፣ ኪሎ ሜትሩን በአንዴ እጥፍ ታደርጋላችሁ። ያን ጊዜ ቅልጥማችሁ ገና ውኃ እየጠጣ ነው።

ይህን የምለው አውቄ ሳይሆን ተቀጥቼ ነው። በ1999 ዓ.ም. 10 ኪሎ ሜትሩን በ58 ደቂቃ ጨረስኩና 55 አማረኝ። ሳምንት ሳይሞላ ልምምዴን ጨመርኩ፣ ዳገት ጨመርኩ። ወር ሳይቆይ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የቀኝ ተረከዜ ጅማት እንደ ደረቀ ጠፍር ድርቅ ማለት ጀመረ። አሥር እርምጃ ስሄድ ይለቀኛል። ስሮጥ ይሞቅና ጭራሽ ይጠፋል። መጥፋቱ አታለለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እያሞቅሁ ሮጥኩበት፤ በመጨረሻ መሞቁንም ተወው።

አንድ ወጌሻ ዕንባዬ እስኪመጣ አሸኝ፤ ጅማቱ አብጦ አደረ። (ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻዬን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። የቆሰለ ጅማት ግን በጉልበት አይታሽም።) አንድ ሐኪም ደግሞ እግሬን ሳይነካ «በዚህ ዕድሜዎ ሩጫ ምን ያደርግልዎታል? ይተዉት» አለኝ። አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ሦስተኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ እሷ ደረጃ ላይ አቆመችኝ። የእግሬን ፊት ጠርዙ ላይ አሳርፌ በሁለቱም እግር ተረከዜን ከፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ክብደቴን ሁሉ በታመመው ላይ ጥዬ ተረከዜን ቀስ እያልኩ ከደረጃው በታች አወርዳለሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። «ዕረፍት ብቻውን ጅማትን አያጠነክርም፤ ጭነት ቀስ በቀስ መልመድ አለበት» አለችኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የተሻለ ቋንቋ አልነበራትም።

ጠዋት ማታ ደረጃው ላይ አቀርቅሬ ተረከዜን እያየሁ ስቆጥር አንዲት እናት ጎረቤታችን «ምን ጠፋብህ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። «ምንም እማማ» እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ምንም ሳይሉ ባትሪ ይዘውልኝ መጡ።

ባለሙያዋ ያላዘዘችውን አንድ ነገር ግን በራሴ ጨመርኩ። ሰዓቱን አልለቀቅሁም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንደ ወትሮዬ እነሣለሁ፣ የሩጫ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ጃን ሜዳ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት መራራ ነበር። አብረውኝ የሚሮጡት እየዞሩ ባለፉኝ ቁጥር ሰላምታቸው ራሱ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን አዙሬ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ሻይ የምትሸጠው ልጅ «ዛሬም እርምጃ ነው?» ትለኛለች። «ዛሬም» እላታለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሰዓቱን ያጠበቅሁት እንዲሁ አይደለም። አብረውኝ ጀምረው የቀሩትን ጓደኞቼን አንድ በአንድ አስቤአቸዋለሁ። እግሩ አልድን ብሎ የቀረ አንድም የለም። እግራቸው ዳነ፤ እነሱ ግን በዚያ ሰዓት መተኛት ለመዱ። አንዱ እስከ ዛሬ «ትንሽ ይሻለኝና እመለሳለሁ» ይላል፤ የተጎዳው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ እግራችሁ ሲታመም ሩጫውን አቁሙ፣ ግን በሩጫው ሰዓት አልጋ ላይ አትገኙ። ተራመዱ፣ ደረጃ ላይ ተረከዛችሁን አውርዱ፣ ብስክሌት ካላችሁ ብስክሌት ንዱ። ስልካችሁ ላይ ያለውን ስትራቫ፣ የእናንተንም የሰውንም ሩጫ የሚያሳየውን መተግበሪያ፣ ግን እስክትድኑ ዝጉት። የሰው ኪሎ ሜትር እየቆጠረ የዳነ ቅልጥም አላየሁም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የሦስተኛ ፎቁ ልጅ። ሕመሙ በቅልጥምህ የውስጥ ጎን ረዘም ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዕረፍትና መቀነስ ያቀልለዋል። በአንድ ጣት ጫፍ «እዚህ ጋ» ብለህ የምታሳየው ነጥብ ካለ፣ ሌሊት ተኝተህም የሚጠዘጥዝህ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተነሣ ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ እንደሚችል እወቅ። ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ በማግስቱ አስፋልት ላይ የወጣ ወዳጅ ነበረኝ፤ በኋላ ሦስት ወር በክራንች ሄዷል። እያስነከሰህ ደግሞ አንድም እርምጃ አትሩጥ፤ ስታነክስ ጭነቱ ወደ ጤነኛው ዳሌና ጉልበት ይዞራል፣ አንድ ሕመም ይዘህ ገብተህ ሁለት ይዘህ ትወጣለህ።

ሲሻልህ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ጊዜ። በማግስቱ ዕረፍት። ከተቻለ ሣር ወይም ኮሮኮንች ላይ። ያሳፍራል? አዎ፣ ያሳፍራል። በጨለማ የምንወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ለእኔ የተፈጠረ አይደለም» ስላልከው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኃይሌ ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን አቋረጠና ያኔውኑ ጋዜጠኞች ፊት ሩጫ በቃኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አነሣ፣ ወደ ልምምዱም ተመለሰ። እሱ እንኳ ሕመሙ ትኩስ እያለ የወሰነውን ውሳኔ ሊያጸናው አልቻለም፤ አንተማ በደረጃ ላይ ያልከውን! ጫማውን ለወንድምህ አትስጠው፣ ቢያንስ እስከ ገና።

ደግሞም የምትመለስበት መንገድ የወጣህበት ላይሆን ይችላል። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። ከሥሩ ሹል ጥርስ ያለው የመም ጫማ (ስፓይክ) የተረከዝ ጅማቷን ሲያስቸግራት መሙን ትታ ወደ ጎዳና ወጣች፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። አንተ ክብረ ወሰን ትሰብራለህ እያልኩህ አይደለም። እኔም አልሰበርኩም፤ ያቺን 55 ደቂቃ እንኳ እስከ ዛሬ አላየኋትም። አምና የጨረስኩት በ72 ነው። ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ በየዓመቱ ደቂቃ ይጨምርብኛል፤ ሰዓቴን እያየሁ ስናደድ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በሦስተኛው ሰዓቱን ቤት ጥዬ መውጣት ጀመርኩ። አስፋልቱንም ተውኩት፣ አሁን የእንጦጦን የእግር መንገድ ነው የምይዘው። ዳገቱን በእርምጃ እወጣለሁ፣ ሜዳውን ሶምሶማ እላለሁ፤ ልጃገረዶቹ አሁንም እያወሩ ያልፉኛል። አንዳንዷ «አባባ በርቱ» ትላለች። «ኃይሌ» መባሉ ቀርቶብኛል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሳምንት እኔም አልሮጥም። ቅዳሜ ቁልቁለት ስወርድ ግራ ባቴ ያዝ አደረገኝ፤ ደብተሬ ላይ አሥራ ሁለተኛ ብዬ ጽፌዋለሁ። ቢሆንም ነገ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጫማዬን አድርጌ ግቢው በር ላይ እቆማለሁ፤ እስከ ሻይዋ ቦታ በእግር ነው የምሄደው። ዘበኛው ስለሚተኛ በሩን ቀስ አድርገህ ክፈተው።