ጭራ ጎማ ወይስ አፍንጫ ጎማ? ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ለሚሰራው የከባድ መኪና ሹፌር

ጥያቄው ከቨርጂኒያ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ የ18 ጎማ ሹፌር ነኝ። ጋራዤ ውስጥ አርቪ-7 (በክፍል በክፍል ታዝዞ ሰው ራሱ የሚገጥመው ትንሽ አውሮፕላን) እየሰራሁ ነው፤ ጭራውና ክንፉ አልቋል። አሁን የመሃል አካሉን ማዘዝ አለብኝ። ባለ ጭራ ጎማውን 7 ነው ወይስ ባለ አፍንጫ ጎማውን 7ኤ የማዘው? በሴስና 172 ወደ 35 ሰዓት በርሬያለሁ፣ ፈተናውን ገና አልወሰድኩም። አስተማሪዬ ‹በሦስቱም ጎማ በአንዴ ነው የምታርፈው› እያለ ይቆጣኛል። የሀንጋር ጎረቤቴ ደግሞ ‹አብራሪ ማለት ጭራ ጎማ የሚያበር ነው፣ ሌላው ሹፌር ነው› ይለኛል። የማርፍበት ሜዳ አስፋልት ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ሳር ላይም ማረፍ እፈልጋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጎረቤትህን ነገር እንጨርስ። ሹፌርነትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው 53 ጫማ ተሳቢ ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ አስገብቶ አያውቅም። ያ ችሎታህ ደግሞ እዚህ ይጠቅምሃል፣ እመጣበታለሁ።

መልሴ ይኸውልህ። 7ኤውን እዘዝ። ከማዘዝህ በፊት ግን ሄደህ ጭራ ጎማ ላይ ተማር። እርስ በርሱ የሚጋጭ ከመሰለህ ታገሰኝ።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ አንባቢዎች፦ ጭራ ጎማ ማለት ሦስተኛው ጎማ ከጭራው ስር ያለበት አውሮፕላን ነው፣ አፍንጫ ጎማ ደግሞ ከአፍንጫው ስር ያለበት። በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችውን «ፀሐይ»ን ፎቶ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ የተሰራችው ትንሽ አውሮፕላን ናት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ በጭራዋ ቁጭ ያለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገባት ዲሲ-3ም አቀማመጧ እንደዚያው ነው። ያኔ አብዛኛው ሜዳ ሳርና አፈር ነበር፣ ፕሮፔለሩ ከመሬት ራቅ ሲል ጥሩ ነው። ኋላ አስፋልቱ በዛና ጎማው ወደ አፍንጫ ሄደ። የምትማርባት ሴስና 172 ራሷ እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ ላይ ስትወጣ፣ ጭራ ጎማ የነበራትን 170 ወስደው ጎማዋን ወደ ፊት ያዞሩላት ናት ማለት ይቻላል። አርቪ-7 እና 7ኤም ዝምድናቸው እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ሥራህ። እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዝ ትራክተሩ ትንሽ ዘወር ካለ፣ ከኋላ ያለው ጭነት መንገዱን ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልግና ትራክተሩን እየገፋ ይበልጥ ያዞረዋል። ጃክናይፍ የምትሉት ነው። ጭራ ጎማም ይኸው ነው። ሁለቱ ዋና ጎማዎች ፊት ናቸው፣ የአውሮፕላኑ ክብደት ማዕከል ደግሞ ከነሱ ኋላ። መሬት ላይ እየሮጥክ አፍንጫው ትንሽ ወደ ግራ ካለ፣ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ሲል መዞሩን ያባብሰዋል። በጊዜ ካልያዝከው አውሮፕላኑ ባለበት ክብ ይሰራል። ግራውንድ ሉፕ ይባላል። በአፍንጫ ጎማው ክብደቱ ከዋና ጎማዎቹ ፊት ስለሆነ ነገሩ ተገልብጦ ይሰራል፤ ትንሽ ጠማማ ብታርፍም ራሱ ይቃናል። ለዚህ ነው ሴስናዋ እስካሁን ኃጢአትህን ሁሉ ስትሸፍንልህ የኖረችው።

ተሳቢ ወደ ኋላ ስትገፋ ምን ታደርጋለህ? ትንሽ ታዞራለህ፣ ቶሎ ትመልሳለህ፣ ጠብቀህ ካየህ በኋላ ካዞርክ አለቀልህ። ጭራ ጎማ ላይ ያንኑ በእግርህ፣ በፔዳሎቹ ነው የምትሰራው። ነካ፣ መለስ፣ ነካ፣ መለስ። ችግርህ እግር ላይ ነው የሚሆነው፤ ሹፌር ሁሉ መሬት ላይ ሲጨንቀው በእጁ መሪ ያዞራል። እኔ ያስተማርኳቸው ሹፌሮች በሙሉ አድርገውታል፣ አንድም አልቀረም።

እኔም ብሆን ከዚህ አላመለጥኩም። ስማር በሲታብሪያ (ትንሽ ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን) ነበር፣ ንፋስ የሌለበት ጠዋት፣ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አርፌ አላውቅም። ጭራው መሬት ነካ፣ «አበቃ» ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ፣ እግሬንም አብሬ አሳረፍኩት። ሰው በሚሮጥበት ያህል ፍጥነት ላይ ደርሳ ሳለ ወደ ግራ ዘወር አለች፣ ዘወር አለች፣ ከዚያ ምንም ልከለክላት አልቻልኩም። የቀኝ ክንፏ ጫፍ ሳሩን ላሰ። ሰው አልተጎዳም። የክንፍ ጫፉን የጠገንኩት ግን ራሴ ነኝ፣ በራሴ ቅዳሜና እሁድ። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ጭራ ጎማ ላይ ማረፍ የሚያልቀው ሞተር ጠፍቶ ጎማው ስር ታኮ ሲገባ መሆኑ ነው።

በመነሳት ጊዜም ሥራ አለው። ስሮትሉን (የሞተሩን ጋዝ) ስትሰጥ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ፍጥነት አግኝተህ ጭራውን ስታነሳ ደግሞ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር እንደ እንዝርት ያደርገውና እንደገና ወደ ግራ ይስባል። የቀኝ ፔዳል ያስፈልግሃል፣ ያውም ሳይጠይቅህ። ሴስናዋ ላይም ይሄ ሁሉ አለ፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ሳታውቀው አልፈኸዋል።

አሁን አስተማሪህ ወደሚቆጣበት ነገር። ጭራ ጎማ ላይ በሦስቱም ጎማ በአንዴ ማረፍ ሙያ ነው፤ ሴስና ላይ በሽታ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭራ ጎማው ሦስቱንም ሲነካ አፍንጫው ቀና ብሏል፣ ፍጥነቱ አልቋል፣ ክንፉ መብረር አቁሟል። ሴስና ሦስቱንም ስትነካ ግን ጠፍጣፋ ናት፣ ማለትም ገና ትበራለች። ትነጥራለች፣ በአፍንጫ ጎማዋ ትወርዳለች፣ መልሳ ትነጥራለች። ለምን እንደዚያ እንደምታርፍ እገምታለሁ። ሹፌር ኮፈኑ መንገዱን ሲሸፍንበት አይወድም። አፍንጫው ቀና ብሎ አስፋልቱ ሲጠፋህ ደንግጠህ መሪውን ትለቃለህ። አትልቀቅ። ዓይንህን ወደ መንደርደሪያው መጨረሻና ወደ ግራ ጠርዙ ውሰድ። ወደ ማረፊያው ስትመጣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) አውርደህ ከ60 እስከ 65 ኖት ፍጥነት ያዝ፣ ከዚያ በላይ ይዘህ እየመጣህ ከሆነ ሌላው ምክር ሁሉ አይሰራም። ከመሬት አንድ ሜትር ላይ «እንዳታርፍ» እያልክ መሪውን ወደ ሆድህ ሳበው። ጎማዎቹ ከነኩ በኋላም መሳብህን አታቁም።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው ለ7ኤው ስል ነው። እንደ መካኒክ ልንገርህ፣ የ7ኤ የአፍንጫ ጎማ የሴስናዋ ዓይነት አይደለም። ሴስናዋ ላይ ዘይትና አየር ያለበት ወፍራም ሾክ አለ፣ ጎማው በፔዳል ይዞራል። ለብዙ ዓመት በተሰሩት 7ኤዎች ላይ ግን ከሞተር መያዣው ወደ ፊትና ወደ ታች የሚወርድ የብረት ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ ሹካ አለ፣ ጎማው እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በነፃ ይዞራል። መሬት ላይ የምትታጠፈው በፍሬን ነው፣ ቀኝ ወይም ግራ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አየር ላይ አያስቸግርም። ግን በፍጥነት እየሮጥክ ክብደት ከጫንክበትና ጉድጓድ ወይም ለስላሳ አፈር ካገኘው ወደ ኋላ ሊታጠፍ ይችላል። ከታጠፈ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይተከልና ይገለበጣል፤ አንተም ከላይ በመስታወት በተሸፈነ አውሮፕላን ውስጥ ተዘቅዝቀህ ነህ። ፋብሪካው ሹካውን አሻሽሎታል። ያገለገለ ከምትገዙ ውስጥ ያለ አንባቢ ካለ የትኛው እንደተገጠመ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይስጥ።

ስለዚህ 7ኤን በሰላም የሚያበር ሰው እንደ ጭራ ጎማ አብራሪ ነው የሚያበረው። ስቲኩ (የእጅ መሪው ዘንግ) ሲነሳም ሲያርፍም ወደ ኋላ ነው፣ የአፍንጫ ጎማው በተቻለ መጠን ዘግይቶ ነው መሬት የሚነካው፣ መሬት ላይ ቀስ ብሎ መሄጃ ብቻ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። በሦስቱም ጎማ የማረፍ አመልህን ይዘህ ሳር ሜዳ ላይ 7ኤ ይዘህ ከወረድክ አላምንህም። ያን አመል ደግሞ ከጭራ ጎማ አስተማሪ በላይ ቶሎ የሚያስጥልህ የለም።

ታዲያ ለምን 7ን አትሰራም? አንደኛ፣ የመጀመሪያው በረራ ቀን። አዲስ ሞተር፣ አዲስ አውሮፕላን፣ ራስህ የገጠምከው የነዳጅ ቧንቧ፣ እና ከ172 በጣም ቀለል ያለ ስቲክ። ያን ቀን ሃሳብህ ሞተሩ ላይ መሆን አለበት። ግራውንድ ሉፕን መፍራት ከዚህ ላይ መጨመር አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ጥገናው። የ7 ዋና እግሮች የሚሰኩት ሞተር መያዣው ላይ ነው። በጎን ጠንከር ያለ ጉልበት ሲመጣ ጉዳቱ እግሩ ላይ አይቆምም፣ መያዣውን ያጣምማል፣ ከኋላው ያለውን ፋየርዎል (ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል የሚለየውን ግድግዳ) ያጨማድዳል። እንደዚህ የተጨማደደ ፋየርዎል ተሸክሞ የመጣ ሰው ፊት አይቼ አውቃለሁ፤ ስንት ሌሊት እንደሰራው እሱ ነው የሚያውቀው። ፕሮፔለሩም መሬት ከነካ ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት፣ «ትንሽ ነው የነካው» የሚባል ነገር የለም። የ7ኤ ዋና እግሮች ግን አካሉ ውስጥ ናቸው የሚታሰሩት፣ ሞተር መያዣው ላይ ያለው የአፍንጫው ብቻ ነው። ለዚህም ነው አካሉን ሳታዝ መወሰን ያለብህ። ኋላ እቀይረዋለሁ ማለት መያዣውንም እግሩንም እንደገና መግዛትና ያለቀ ነገር መፍታት ነው።

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። ትንሽ ሰዓት ላለው ሰው ጭራ ጎማ ሲሉት ዋጋ ይጨምራሉ፣ ከአስተማሪ ጋር የበረርከውን ሰዓት ቆጥረው ነው የሚቀበሉህ። ስታዝ ሳይሆን አሁኑኑ ደውልና ሁለቱንም ዋጋ ጠይቅ። ፍጥነቱን ብለህ እንዳትወስን ብቻ፤ 7 የሚበልጠው በጥቂት ማይል ነው፣ አትላንታ ምሳ ልትበላ ብትሄድ ቀድመህ የምትጨርሰው ቡናህን ብቻ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ለጭራ ጎማ የተወሰነ ሰዓት አላስቀመጠም፤ አስተማሪ የተለመደውንና የጎን ንፋስ መነሳትና ማረፍን፣ በሁለቱ ዋና ጎማዎች ማረፍን፣ ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣትን መቻልህን አይቶ መዝገብህ ላይ ይፈርምልሃል። ብዙ ሰው ከ5 እስከ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። አንዴ ከተፈረመልህ ጊዜው አያልፍም። ሰው ለመጫን ግን ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ በጭራ ጎማ ሦስት ጊዜ ተነስተህ፣ ሦስቴም ሙሉ በሙሉ ቆመህ ማረፍ አለብህ፤ ነካ አድርጎ መነሳት አይቆጠርም። ያንተን አውሮፕላን በተመለከተ ደግሞ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት መጀመሪያ በተለምዶ 25 ወይም 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ይጠበቅብሃል። በዚያ ጊዜ ባለቤትህን ለሽርሽር ብሎ መጫን የለም፣ አሁኑኑ ንገራት።

ሃሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር አለ። አሥር ሰዓት ተምረህ እግርህ ሳያስብ የሚሰራ ከሆነና «አልፎ አልፎ» ያልከው ሳር የየሳምንቱ ሜዳህ ከሆነ፣ በተለይ ፍልፈል የቆፈረው ሜዳ ከሆነ፣ 7ን እዘዝ፣ አልቃወምህም። ያኔ ስትገጥመው ዋና ጎማዎቹ እርስ በርስ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ደጋግመህ ለካ። ወደ ውስጥ የዞረ ጎማ አፍንጫው ዘወር ሲል ነገሩን ያባብሳል። የጭራ ጎማው ሰንሰለት እንዳይወጠር፣ እንዳይላላም። የሁለቱም እግር ፍሬን እኩል ይያዝ፣ አንዱ ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ የምትታገለው ከራስህ አውሮፕላን ጋር ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የ172 ፈተናህን ጨርስ፣ መሃል ላይ አውሮፕላን አትቀያይር። ከዚያ ሲታብሪያ ወይም ፓይፐር ከብ ያለው አስተማሪ ፈልግ። ከዚያ የመሃል አካሉን እዘዝ። አውሮፕላኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በራሳቸው አርቪ ለማስተማር ከኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ካላቸው አስተማሪዎች ጋር ጥቂት ሰዓት ብረር፤ የመጀመሪያ በረራህን ያለዚህ እንዳታስበው። የጭራ ጎማው አስተማሪ የመጀመሪያውን ቀን ሳያስነሳህ መሬት ላይ ብቻ ወዲያ ወዲህ ቢያንከራትትህ ገንዘቤን በላው አትበል። የሥራ ቡትህን ደግሞ መኪናው ውስጥ ተወው፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ አድርገህ ሂድ።