ለልጄ መወጣጫ ይሠራልኝ ማለቴ እምነት ማነስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ሦስት ደረጃ አለው። እስካሁን ወንድሟ ያዝላት ነበር፤ አሁን አድጋለች፣ ሰው እያየ መታዘሉ አሳፈራትና ቤት መቅረት ጀመረች። ለዊልቸሩ የሚሆን፣ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ ይሠራልን ብል አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል «በትዕግሥት ተሸከሚው፣ ይልቅ ጠበል ውሰጃት» አሉኝ። ጎማው ቆሻሻ ይዞ ይገባል ያሉም አሉ። መብት ነው ብዬ መጠየቄ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ኃጢአት አይደለም፣ እኅቴ። እንዲያውም ትክክል ነሽ።

ማርቆስ ምዕራፍ 2ን አንብቢው። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። በሩ በሰው ተጨናንቋል። ምን አደረጉ? ጣራ ላይ ወጥተው፣ የሰው ቤት ጣራ ነድለው፣ ከነአልጋው አወረዱት! ጌታም ለምን አፈረሳችሁ አላላቸውም፤ «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው ወንጌሉ። እነሱ ለአንድ ሰው ጣራ ካፈረሱ፣ እኛ ሦስት ደረጃ አጠገብ ሲሚንቶ ማፍሰስ እንዴት ያቅተናል?

ጠበሉንም ውሰጃት፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን እስክትድን ደጅ ትቆይ የሚል ሥርዓት የለንም። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው እኮ ውሃው አጠገቡ ነበር፤ ለጌታ የመለሰው ግን «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። የማን ኃጢአት ነው የሚልሽ ካለ ደግሞ ዮሐንስ 9ን አሳዪው፤ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ ኃጢአት የሠራው እሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ተናግሯል።

የጎማው ነገር ቀላል ነው። እኛ በር ላይ ጫማ እንደምናወልቅ፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ማስገባት ነው። ወንበሩ እግሯ ነው፤ እግሯን ደጅ ትታ ግቢ አትባልም። ንስሐ አባትሽን አማክሪና እሳቸው ለአስተናጋጆቹ ይንገሩልሽ።

በአገር ሕግም ብቻሽን አይደለሽም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያ በፊትም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል።

ሰበካ ጉባኤ ስትሄጂ የመወጣጫውን ልክ ይዘሽ ሂጂ፣ በደፈናው ከሆነ «እናያለን» ተብሎ ይቀራል። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው የሚታሰበው። ደረጃዎቹ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ሦስቱ 45 ናቸው፣ ስለዚህ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። ወለሉ ሻካራ ይሁን፤ የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ለስላሳ ሲሚንቶ ያንሸራትታል። በጎኑም መደገፊያ ብረት ይኑረው፣ ለአረጋውያኑም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅሽ እንድትገባ ብቻ ሳይሆን እንድታገለግልም ጠይቂ። ቅኔውን ያቆዩልን ስንትና ስንት ዓይነ ስውራን መሪጌታዎች ናቸው! መዝሙር ከወደደች ሰንበት ትምህርት ቤት ትመዝገብ፤ ልምምዱ ፎቅ ላይ ከሆነም ወደ ምድር ቤት ይውረድላት። ሰበካ ጉባኤው ፊትም አብራሽ ትቅረብ፣ የምትፈልገውን ራሷ ትንገራቸው።